«ኮምፒውተሩ ሞቷል» ሲሏችሁ፦ የመኪና ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙ ሆነው ስላገኘኋቸው ገጹን በሙሉ ለዛው ልሰጠው ነው። ስለ ሞተር ኮምፒውተር ነው፣ ጋራዥ ውስጥ ኢሲዩ ወይ ኮምፒውተር ቦክስ ስለምንላት ስለዛች የአሉሚኒየም ሳጥን። እሷ ተበላሸች ተብሎ ሰው ያላግባብ ሲያወጣ ያየሁት ብር በጣም ስለሚያንገበግበኝ መልሴ ከወትሮው ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ እንዴት ነዎት፣ ከአዳማ ነው የምጽፍልዎት። 2008 ሞዴል ሃይሉክስ አለኝ፣ ዲፎርዲ፣ 3 ሺ ሲሲ፣ እህል እያመላለስኩበት ነው የምኖረው። ከሁለት ሳምንት በፊት ባትሪዬ ወድቆብኝ ጎረቤቴ ከኤፍኤስአር አይሱዙ የጭነት መኪናው ባትሪ በኬብል ሊያስነሳልኝ ሲሞክር ብልጭ አለና ትንሽ የተቃጠለ ሽታ መጣ። ከዛ ወዲህ ሞተሪኖው ይዞራል ግን አይነሳም፣ ቁልፍ ስከፍት ቼክ ኢንጅን የሚባለው ቢጫ መብራት ጭራሽ አይታይም። መካኒኩ ስካነር ሲሰካ ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘት አልቻልኩም ይላል። በቃ ኮምፒውተሩ ሞቷል፣ ሶማሌ ተራ ሄደህ ያገለገለ ፈልግ አለኝ፣ የጠሩልኝ ዋጋ ደሞ የሦስት ወር ገቢዬ ነው። ልግዛ ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ አትግዛ፣ ገና ነው። ይሄን የምልህ ኮምፒውተርህ ደህና ነው ብዬ አይደለም፣ እንዳልከው ከሆነ ሊሞትም ይችላል፣ ግን እስካሁን ማንም አልመረመረውም፣ ስካነሩ ዝም ስላለ ብቻ ነው የተፈረደበት። ስካነር ደሞ ኮምፒውተሩ ሲሞት ብቻ አይደለም ዝም የሚለው፣ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰውም ያው ዝም ነው።

መጀመሪያ የተፈጠረውን ነገር እንረዳው። ኤፍኤስአር ሁለት ባትሪ ነው ያለው፣ በተርታ የታሰሩ፣ 12 እና 12 ተደምሮ 24 ቮልት። ጎረቤትህ ኬብሉን ከሁለቱ በአንዷ ባትሪ ላይ ብቻ አስሮት ከሆነ የሰጠህ 12 ነው፣ ችግር የለውም። ከአንደኛዋ ፖዘቲቩን ከሌላኛዋ ኔጋቲቩን ይዞ ከሆነ ግን በ12 የሚሠራ መኪና ላይ 24 ነው የለቀቀበት። ሄደህ በሰላም ጠይቀው፣ የቱ ላይ እንዳሰረ አይጠፋውም፣ መልሱ ለመርማሪው ብዙ ሥራ ያቀልለታል። ብልጭታው ብቻውን ግን ምንም አይነግርህም፣ የወደቀ ባትሪ ላይ ኬብል ሲነካ ሁሌም ትንሽ ብልጭ ይላል።

አሁን ወደ መብራቷ እንምጣ። ቁልፍ ስትከፍት ቼክ ኢንጅኗን የሚያበራት ኮምፒውተሩ ነው፣ እሷ አልታየችም ማለት ኮምፒውተሩ አልነቃም ማለት ነው። አልነቃም ማለት ግን ሞቷል ማለት አይደለም። እንዳይነቃ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች አሉ፣ ፖዘቲቭ አለመድረስ፣ ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰውን መስመር) አለማግኘት፣ እና ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛው የ5 ቮልት መስመር ወደ ማሳ መነካት። እነዚህ ሦስቱ ደህና መሆናቸው በቴስተር ታይቶ ካለቀ በኋላ ነው ሳጥኗን መጠርጠር ያለብን።

ፖዘቲቩን ከፊውዝ ጀምሩ። ኮፈኑን ከፍተህ ፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ ኢኤፍአይ የሚለውን ፈልግ፣ በዓይን አይተህ ደህና ነው አትበል፣ ነቅለህ በቴስተር ለካው፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ያላት ፊውዝ አጋጥማኛለች። ሪሌውንም (መስመሩን በኤሌክትሪክ የሚከፍተውና የሚዘጋውን ማብሪያ) እዛው ሳጥን ውስጥ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር አቀያይረህ ሞክር። እዚህ ጋ አንድ ነገር በደንብ አስተውል፣ አዲስ ፊውዝ ስታስገባ ወዲያው ከተቃጠለች የኮምፒውተሩን ሶኬት ንቀልና ሌላ ፊውዝ አስገባ። ሶኬቱ ተነቅሎ ካልተቃጠለች ሾርቱ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም፣ ተነቅሎም ከተቃጠለች ግን ሽቦው ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሆነም ተስፋ አትቁረጥ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች መግቢያቸው ላይ ከፍተኛ ቮልት ሲመጣ ቀድማ ራሷን የምትሰዋ ትንሽ ዳዮድ አላቸው፣ እሷ ሾርት ሆና ሌላውን አትርፋ የምትገኝበት ጊዜ አለ፣ ካውያ በደንብ የሚይዝ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይቀይራታል። ከ24 ቮልት አደጋ በኋላ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሷን ነው።

የሃይሉክስህ ኮምፒውተር ከተሳፋሪው ፊት ለፊት፣ ሊብሬ ከምናስቀምጥባት ሳጥን ጀርባ ነው ያለው። ሳጥኗን አውጥታችሁ ሶኬቶቹ ከኋላቸው በቀጭን መርፌ ይለኩ፣ የሽቦውን ፕላስቲክ አትላጡት፣ የተላጠ ሽቦ ክረምት ሲመጣ ሌላ በሽታ ይሆንብሃል። ሁለት ዓይነት ፖዘቲቭ ታገኛለህ፣ አንዱ ቁልፍ ቢዘጋም ሁሌ ያለ፣ ሌላው ቁልፍ ስትከፍት በሪሌው በኩል የሚመጣ። ሁለቱም መኖር አለባቸው። ደሞ በቴስተር ብቻ እንዳትሸወድ፣ ቴስተር ምንም ጭነት ስለማይወስድ አስር ክር ካላት ሽቦ ዘጠኙ ተበጥሶ በአንዷ ክር ብቻ ቢሆንም 12 ብሎ ያሳይሃል። እኔ የማደርገው የፍሬን መብራት አምፖል፣ ያቺን 21 ዋቱን፣ ሁለት ሽቦ በይጄባት በሷ ነው የምሞክረው፣ አምፖሏ ቦግ ብላ ከበራች መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ደብዘዝ ካለች መስመሩ አንድ ቦታ ታሟል።

ማሳውን ደሞ ማንም ሳያየው ነው የሚታለፈው፣ በኔ ልምድ ኮምፒውተር አስገዝቶ ምንም ያልተፈታላቸው መኪኖች ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ነው የተገኘው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ቀዩን ኮምፒውተሩ ማሳ ሽቦ ላይ አድርገህ ሞተሪኖውን አዙር። ከ0.1 ቮልት አካባቢ ማለፍ የለበትም። ግማሽ ቮልትና ከዛ በላይ ካሳየህ ማሳው ጤነኛ አይደለም። አንድ ጊዜ ሞተሩ ተወርዶ የታደሰ ፒክአፕ መጣልኝ፣ ከታደሰ ጀምሮ አንዳንዴ ይነሳል አንዳንዴ እምቢ ይላል፣ ሁለት ቦታ ኮምፒውተር ነው ተብሏል። የማሳዋን ቡሎን ፈትቼ ሳያት ሞተሩን ቀለም ሲረጩት ቡሎኗ የምትቀመጥበትንም አብረው ቀብተውታል፣ የሽቦው ጆሮ ቀለም ላይ ነው የተቀመጠው፣ በቡሎኗ ጥርስ በኩል ብቻ ነበር ማሳ የሚያገኘው። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ ነጭ እስኪሆን ጠርጌ አሰርኩት፣ መኪናው እስከ ዛሬ ይሠራል። ሰውየው ግን እኔጋ ከመምጣቱ በፊት ያወጣውን አስቡት።

ሦስተኛው የ5 ቮልት መስመር ነው። ኮምፒውተሩ ከ12ቱ ቮልት 5 ቮልት ያዘጋጅና ለሴንሰሮች ያከፋፍላል፣ ለነዳጅ ፔዳሉ፣ ለግፊት ሴንሰሩ፣ ለሌሎቹም። ከነዚህ አንዱ ውስጡ ሾርት ቢሆን ወይ ሽቦው ተፍቆ ብረት ቢነካ 5ቱ ቮልት ይወድቅና ኮምፒውተሩ ራሱም አብሮ ይተኛል፣ መብራት የለ፣ ስካነር የለ፣ ቁጭ የሞተ ኮምፒውተር ነው የሚመስለው። የአንድ ፕራዶ ባለቤት እኔጋ ሲመጣ ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች በፌስታል ይዞ ነው የመጣው፣ ሁለቱም ተሞክረው መኪናው አልተነሳም። 5 ቮልት መሆን ያለበት ሽቦ ላይ ስለካ ዜሮ ነጥብ ምናምን ነው የሚያሳየኝ። ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቀልኳቸው፣ ሁሉም ተነቅለው አልተመለሰም፣ ያኔ ሴንሰር ሳይሆን ሽቦ እንደሆነ ገባኝ። ገመዱን ተከትዬ ሞተሩ ጀርባ የብረት መያዣ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደረስኩ፣ መሸፈኛው በንዝረት ተፍቆ ውስጥ ካሉት ሽቦዎች አንዷ ላይ የጤፍ ፍሬ የምታክል መዳብ ትታያለች። እሷ ብቻ ናት። ሸፍኜ ገመዱን ከብረቱ አርቄ አሰርኩት፣ በድሮው በራሱ ኮምፒውተር ተነሳ። ፌስታሉ ውስጥ ያሉትን ሻጮቹ አንመልስም አሉት።

ስካነሩን በተመለከተም መጀመሪያ ሌላ መኪና ላይ ሰክታችሁ እንደሚሠራ እዩ። ከዛ መሪው ሥር ያለችው፣ ስካነር የሚሰካባት የኦቢዲ ሶኬት 16ኛ ቀዳዳዋ ላይ ፖዘቲቭ፣ 4ኛዋ ላይ ማሳ መኖሩን ለኩ። መኪናው ካን የሚባለው፣ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ያለው ከሆነ ባትሪውን ነቅላችሁ በ6ኛና በ14ኛዋ መሀል ለኩ፣ 60 ኦም አካባቢ ነው ጤነኛው፣ 120 ካለ አንዱ ጫፍ ተቆርጧል፣ ወደ ዜሮ ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ሌላ የሚምታታ ዕቃ ደሞ አለ። የኢንጀክተር ድራይቨር ወይ ኢዲዩ የምትባለው፣ ኮፈን ሥር የምትገኝ ለብቻዋ የሆነች ሳጥን ናት፣ ለኢንጀክተሮቹ ከፍተኛ ቮልት የምታዘጋጅ። ከ24 ቮልት በኋላ እሷም ልትሞት ትችላለች፣ ግን እሷ ብቻ ከሞተች ቼክ ኢንጅን ይበራል፣ ስካነሩም ይገናኛል፣ ፒ0200 የመሰለ ኮድ ያወጣል። የቶዮታ ኮምፒውተር ቁጥሩ በ89661 ነው የሚጀምረው፣ የኢዲዩዋ በ89871፣ እንዳይምታታባችሁ። ሞተሩ እየሠራ ወይ ቁልፍ ተከፍቶ እያለ ደሞ ሶኬቷን በእጅ አትንኩ፣ ያለው ቮልት ሰው ይጎዳል።

ይሄ ሁሉ ተለክቶ ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም ኮምፒውተሩ ካልነቃ፣ እሺ፣ አሁን ሞቷል። እንግዲህ መግዛት ካለብህ እነዚህን ያዝ። ሳጥኗ ላይ ያለውን ቁጥር ሙሉውን አዛምድ፣ 89661 ብሎ ከጀመረ በኋላ ያሉትንም አሃዞች በሙሉ፣ ሻጩ ያው ነው ሃይሉክስ ነው ቢልህ አትስማው፣ ማንዋልና አውቶማቲክ፣ የተለያየ አገር ገበያ፣ የተለያየ ዓመት ሁሉ የየራሱ ቁጥር አለው። ሁለተኛ፣ ያንተ ሞተር ኢንጀክተሮቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ ተጽፎባቸዋል፣ ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር ምን ያህል ናፍጣ እንደሚያርም የሚያውቀው በዛ ኮድ ነው። ያገለገለው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የሌላ መኪና ኢንጀክተር ኮድ ስለሆነ ካልተቀየረ ሞተሩ ሊንኳኳ፣ ሊጨስ፣ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ከዛ ደሞ ሌላ ሰው መጥቶ ኢንጀክተር ቀይር ይልሃል። ኮዱ ጭራሽ ካልገባ ፒ1601 የሚል ታያለህ። ስለዚ ኢንጀክተሮቹ ጭንቅላት ላይ ያለውን ኮድ ፎቶ አንሳ፣ የቱ የስንተኛው ሲሊንደር እንደሆነ ጻፍ፣ በስካነር ይግባልህ። ሦስተኛው ኢሞቢላይዘር ነው፣ ማለት መኪናው በሌላ ቁልፍ እንዳይነሳ የሚከለክለው ሲስተም፣ ቁልፍህ ቺፕ ያለው ከሆነ ያገለገለው ኮምፒውተር ቁልፍህን አያውቀውም፣ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል ወይ ጭራሽ አይነሳም። አንዳንዱ ሃይሉክስ ኢሞቢላይዘር ስለሌለው ያንተ እንዳለው መጀመሪያ አረጋግጥ። በአንዳንድ የቶዮታ ሞዴሎች ኦቢዲ ሶኬቷ ላይ 4ኛና 13ኛዋን በሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ከፍቶ 30 ደቂቃ በመተው ኮምፒውተሩና ኢሞቢላይዘሩ ይተዋወቃሉ፣ በሌሎቹ ግን ከአሮጌው ቦርድ ላይ ትንሿን ሜሞሪ ቺፕ አውርዶ ማዛወር ወይ በማሽን መጻፍ ነው።

ለዛም ነው አሮጌውን ኮምፒውተር ለማንም አትስጥ የምልህ። ሻጮች አሮጌውን አምጣና ቅናሽ አደርግልሃለሁ ይላሉ፣ የቁልፍህ መረጃ ግን እሱ ውስጥ ነው ያለው፣ አንዴ ከእጅህ ከወጣ ቁልፍ ከዜሮ ማሠራት ሊመጣብህ ነው። ደረሰኙ ላይ ደሞ ካልሠራ በዚህን ያህል ቀን ይመለሳል የሚል አጽፍ፣ በቃል አይሆንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነኝ። ከሰው ገዝቼ የምነዳው ኤስዩቪ 6 ዓመቱ ነው፣ 58 ሺህ ማይል ሄዷል። መንገድ ላይ እየጠፋ አስቸገረኝና ዲለር ወሰድኩት፣ የሞተር ኮምፒውተሩ መቀየር አለበት፣ 1,900 ዶላር አሉኝ። ዋራንቲሽ አልቋል ነው የሚሉት። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ መንገድ ላይ እንዳያቆመኝ እፈራለሁ። ከጀንክያርድ፣ ያገለገለ መኪና ተፈትቶ ከሚሸጥበት፣ አግኝቼ ባስቀይረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ሳንቲም ከመክፈልሽ በፊት ይሄን አንብቢ። አለቀ የሚሉሽ የ3 ዓመቱ ወይ የ5 ዓመቱ የተለመደው ዋራንቲ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ግን ሌላ ለብቻው የሆነ አለ፣ የኢሚሽን (የጭስ ብክለት) ዋራንቲ የሚባል፣ በሱ ውስጥ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩና የሞተር ኮምፒውተሩ ለ8 ዓመት ወይም ለ80 ሺህ ማይል የተሸፈኑ ናቸው፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስኪደርስ። ያንቺ መኪና በዓመትም በማይልም ውስጥ ነው። ሁለተኛ ባለቤት መሆንሽም ምንም አይለውጥም፣ ዋራንቲው ከመኪናው ጋር ነው የሚሄደው።

ከመኪናው ጋር የመጣውን የዋራንቲ መጽሐፍ አውጪና ኢሚሽን የሚለውን ክፍል ፈልጊ፣ ኮምፒውተሩ እዛ በስም ተጽፎ ታገኚዋለሽ፣ ፎቶ አንስተሽ ሂጂ። ሰርቪስ አድቫይዘሩን በስልክ አትከራከሪው፣ በአካል ሄደሽ ገጹን አሳዪው፣ እምቢ ካለ ለምን እንዳልተሸፈነ በጽሑፍ ስጠኝ በይ፣ ከዛ ወደ አምራቹ የደንበኞች መስመር ደውዪ። ከተሸፈነ ዕቃውም ጉልበቱም ምርመራውም ያለ ክፍያ መሆን አለበት። ሊከለክሉሽ የሚችሉት ጉዳቱ ከውጭ የመጣ ነው ብለው ማሳየት ከቻሉ ነው፣ ማለት በተሳሳተ ጀምፕ፣ በኋላ በተገጠመ አላርም፣ በውሃ ምናምን።

ከዛ በፊትም የመኪናሽን የሻንሲ ቁጥር በፌዴራሉ የትራፊክ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረገጽ ላይ አስገቢና ሪኮል (አምራቹ ለነጻ ጥገና የጠራው ጉድለት) እንዳለው እዪ፣ ነጻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የኮምፒውተር ሪኮል ደሞ የሌለ ነገር አይደለም። በነሐሴ 2010 በፈረንጆች ቶዮታ 2005 እስከ 2008 ሞዴል የሆኑ ከ1 ሚሊዮን በላይ ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን በዚሁ ጉዳይ ጠርቷል፣ ምክንያቱ የሞተር ኮምፒውተሩ ቦርድ ላይ ብየዳው ሊሰነጠቅ ይችላል የሚል ነበር፣ መኪናው እየሄደ ሊጠፋ የሚችልበት ችግር ማለት ነው።

ጀንክያርድ ላልሽው፣ ዋራንቲው ጭራሽ እምቢ ካለ ብቻ ነው የማስበው፣ ያገለገለ ኮምፒውተር በአንቺ ሻንሲ ቁጥርና በአንቺ ቁልፍ እንደገና ፕሮግራም መደረግ አለበት፣ በአንዳንድ መኪና ያገለገለው ጭራሽ እንደገና አይጻፍም። ሁለቱንም ቁልፎችሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አንዳንዱ ሲስተም ሁለት ቁልፍ ካላየ አይማርም። ፕሮግራም ሲደረግም ባትሪው ላይ ቻርጀር መሰካቱን ጠይቂ፣ መሀል ላይ ቮልት ከወደቀ አዲሱም ኮምፒውተር እዛው ሊበላሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ኮምፒውተር ከተቀየረ በኋላ መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ሞኒተሮች ባዶ ይሆናሉ፣ ስለዚ የኢሚሽን ምርመራ ጊዜሽ ደርሶ ከሆነ በማግስቱ አትሂጂ፣ ዝግጁ አይደለም ብለው ነው የሚመልሱሽ። ጥቂት ቀን ከተማም ሃይዌይም ንጂው፣ ጠዋት ቀዝቅዞ አስነሺው፣ ከዛ ሂጂ። መንገድ ላይ መጥፋቱ እስኪፈታ ድረስ ግን ልጆቹን ይዘሽ ሃይዌይ ባትወጪ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ፣ የአይሱዙዬን ካሶኒ ላስበይድ ነው፣ ጓደኛዬ ብየዳ ኮምፒውተር ያቃጥላል አለኝ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። መጀመሪያ ያንተ ኮምፒውተር ያለው መሆኑን እይ፣ የድሮዎቹ አይሱዙዎች ናፍጣ ፖምፓቸው በሜካኒካል ስለሚሠራ ለሞተሩ ኮምፒውተር የላቸውም፣ ኮመን ሬል የሆኑት፣ ናፍጣው በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባቸው፣ ግን አላቸው። የሁለቱንም ባትሪ ኔጋቲቭ አስነቅል፣ የኮምፒውተሩንም ሶኬት አስነቅል፣ ይሄ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የብየዳውን ማሳ ደሞ በያጁ ሻንሲው ላይ የትም ጫፍ እንዳያስረው፣ ልክ ከሚበየድበት አጠገብ ይሁን፣ ሩቅ ከታሰረ ጅረቱ መንገዱን በሽቦና በኩሽኔታ ውስጥ ያደርጋል። ቁልፍ ዘግቼዋለሁ በቂ ነው የሚልህን አትስማ፣ ቁልፍ ተዘግቶም ኮምፒውተሩ ከባትሪው ጋር እንደተያያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ነው። 1992 ሞዴል ፓጄሮ አለኝ፣ ቤንዚን፣ ቪ6። ሲነሳ ይንተፋተፋል፣ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ካንዴላውም ፖምፓውም ተቀይሯል። ኮምፒውተሩን ሲፈቱት የሚገማ ሽታ አለው አሉኝ። ዕድሜዬም የመኪናዬም ገፍቷል፣ ለዚህ መኪና ኮምፒውተር ከየት ይገኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል ምክንያቱም የእርስዎ መዳን የሚችል ነው። የዛን ዘመን የሚትሱቢሺ ኮምፒውተሮች የታወቀ በሽታ አላቸው፣ ቦርዱ ላይ ያሉት ትንንሽ ክብ ካፓሲተሮች ሲያረጁ ከሥራቸው ፈሳሽ ያመነጫሉ። ያ ሽታ፣ የበሰበሰ ዓሣ የሚመስለው፣ የሱ ነው። ፈሳሹ ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች እየበላ ይሄዳል፣ ለዛ ነው አንዴ ደህና አንዴ ህመም የሚሆንብዎት።

ኮምፒውተር አይፈልጉ፣ ከሌላ ፓጄሮ የሚያገኙትም ያው ዕድሜ ያለው ያው በሽታ ያለበት ነው የሚሆነው። ቴሌቪዥንና አምፕሊፋየር የሚጠግን ጥሩ ባለሙያ ጋ ይውሰዱት፣ ካፓሲተሮቹን በሙሉ ይቀይርልዎት፣ አንዷን ብቻ አይደለም፣ ሙቀት የሚችሉ 105 ዲግሪ የተጻፈባቸውን ያድርግ፣ ፖዘቲቭ ኔጋቲቫቸው እንዳይገለበጥ። ፈሳሹ የፈሰሰበትን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ በደንብ አጥቦ፣ የተበሉትን መስመሮች በቀጭን ሽቦ ያገናኛል። የካፓሲተሮቹ ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የሚከፍሉት ለእጁ ነው። ግን አያቆዩት፣ ፈሳሹ ወደ ቦርዱ ውስጥ ከዘለቀ ማንም አያድነውም፣ እስኪጠገን ድረስም ሳጥኗ ካሁኑ ተነቅላ ትቀመጥ።

ጥያቄ፦ ሻርጃ ነው የምሠራው። ወንድሜ ባህር ዳር ለፕራዶው ኮምፒውተር ላክልኝ ብሎኝ እዚህ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ልሄድ ነው። ምን አይቼ ልግዛ?

መልስ፦ ወንድምህ የድሮውን ሳጥን ሌብል በደንብ የሚነበብ ፎቶ እስኪልክልህ ድረስ ከቤትህ አትውጣ። ሞዴልና ዓመት ብቻ ይዘህ ከሄድክ የሚሰጡህ በግምት ነው። ስታገኘው ሶኬቱ ውስጥ ያሉትን ፒኖች በስልክህ መብራት አንድ በአንድ እያቸው፣ አረንጓዴ ወይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ የገባው ነው፣ ተወው። በ2024 ሚያዝያ ላይ እዛ የነበረውን ጎርፍ ታስታውሳለህ፣ ውሃ የዋጠው መኪና ተፈትቶ ዕቃው ሊሸጥ ይችላል። የሳጥኗ ቡሎኖች ጭንቅላታቸው የተፋቀ ወይ ጠርዙ ላይ ማጣበቂያው ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ከሆነ አንድ ሰው ከፍቶታል፣ ምን እንዳደረገ ደሞ አታውቅም። ከተቻለ ከመኪናው ላይ ገና ያልተፈታ ፈልግና የኢሞቢላይዘሩን ሳጥንና ቁልፉን አብረህ ጠይቅ፣ ሦስቱ አብረው ከመጡ ወንድምህ ባህር ዳር ላይ ፕሮግራም የሚያደርግ ሰው ፍለጋ ላይንከራተት ይችላል። ከመላክህ በፊት ግን ደውልለትና ማሳዋን ቡሎን ፈትተው እንዳዩዋት፣ 5ቱን ቮልት እንደለኩ ጠይቀው፣ አልለካንም ካለህ ብርህን ኪስህ አቆየውና መጀመሪያ ይለኩ።